የሰባት ድልድይ ኃላፊ

አሰላ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐመልማል፤

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና ተውኩት። ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ እማዬ» ነው የምትዪኝ፤ እሱን ደግሞ ጠግቤዋለሁ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። አባትሽን ብርድ ሲሆን ጉልበቱን ያመዋል፤ የእኔ ደም ግፊት ደግሞ አባትሽ ራሱ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ከጭላሎ በኩል የሚመጣው ውርጭ ጎመኔን አቃጥሎብኛል። ወሬው ይኸው ነው። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ተናድጃለሁ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትዪ። የዚህን ቤት ስልክ ታውቂዋለሽ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባትሽ ስፒከር ላይ ያደርገውና ጠረጴዛው መሐል ያስቀምጠዋል። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ወጥቶ ይጠራል። ባለፈው እሑድ እኔ፣ እሱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሁለት ጎረቤትና የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ ሆነን ነው ያዳመጥንሽ። ሰውዬው ሳይቀር «እግዜር ይጠብቅሽ» ብሎሽ ሄደ። እንዲህ ባለ ጉባኤ ፊት እናትና ልጅ ምን ሊነጋገሩ ነው? በሄለን ስልክ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ የማታውቂው ቁጥር ስለሆነ አላነሳሽም። ሄለን ማለት የጓሮዋን ክፍል የተከራየችው፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣችው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ስለዚህ ጻፍኩ። የጎረቤታችን ልጅ ፀዲ ቅዳሜ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ስለምትበር እጅ በእጅ ትሰጥሻለች።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ አንቺ ግማሹን አታውቂም፣ አባትሽ ደግሞ ሌላውን ግማሽ አያውቅም። ሁሉንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

የዛሬ አምስት ዓመት በከተማው የድልድዮችና የዋሻዎች መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ ስትዪን ዩኒፎርም ለብሰሽ፣ ባጅ ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ከዚያ ጫፉ ከማይታይ ድልድይ ፊት ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶ ላክሽ። አባትሽ ፎቶ ቤት ወስዶ በር የሚያህል አድርጎ አሳጠበው። ሳሎን ሰቀለውና የሠርጋችን ፎቶ ወደ መኝታ ቤት ተዛወረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመንገድ ሥራ ካምፕ የኖረ ሰው ነው፤ ሕፃን ሆነሽ እንኳ ወንዝ በተሻገርን ቁጥር መኪና አስቁሞ ምሰሶ ያስቆጥርሽ ነበር። አንቺ አልዋሸሽም፣ ይህን አልክድሽም። በትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ ከመኪኖቹ የማለፊያ ክፍያ እንደምትቀበዪ ለእኔ ነግረሽኛል። እኔም ለእሱ ነገርኩት። «ሁሉም ከታች ነው የሚጀምረው» አለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን በስፒከር «ስንት ድልድይ አላችሁ?» ሲልሽ «ሰባት ድልድይና ሁለት ዋሻ» ብለሽ መለስሽ። መሥሪያ ቤቱን ማለትሽ ነበር። እንግዶቹ ከቤት ሳይወጡ ሐመልማል በሥሯ ሰባት ድልድይ አላት ተባለ። በሳምንቱ ገበያ ስወርድ ሽንኩርት ሻጯ «የሰባት ድልድይ ኃላፊዋ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ስነግርሽ ሳቅሽ እንጂ አባትሽን አላረምሽውም። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሴትየዋ ደህና ደህናውን ሽንኩርት እየመረጠች ስትመዝንልኝ ዝም አልኩ።

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ሐጂ ከዲር መጡ። ሐጂ ከዲር ከዲክሲስ ወዲያ፣ ወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባትሽ ጋር ከካምፕ ዘመን ጀምሮ ይዋደዳሉ። ከግንድ የተሠራውን ድልድያቸውን ሐምሌ ላይ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። አንዲት ወላድ በቃሬዛ ተይዛ መጥታ ከወንዙ ዳር ተመልሳለች፤ ገብስ የጫነች አህያም ተወስዳለች። ምን ይሻለናል ብለው አባትሽን ቢያማክሩት ሳሎን አስገብቶ ፎቶሽን አሳያቸው።

ማመልከቻውን ያረቀቀው እሱ ነው። «ለከተማው የድልድዮችና የዋሻዎች አስተዳደር መሥሪያ ቤት፤ ጉዳዩ፦ አንድ ድልድይ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ» ይላል። ከሥሩ ስልሳ ሦስት ሰው ፈርሟል፤ ገሚሱ በጣት አሻራ። ግልባጭ ለከተማው ከንቲባ፣ ግልባጭ ለወይዘሪት ሐመልማል ወልደጻድቅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ፣ ባሉበት። ሄለን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። እኔ ለመንኩት። «ሰውዬ፣ የሌላ አገር ከተማ መሥሪያ ቤት ዲክሲስ ድረስ መጥቶ ድልድይ አይሠራም» አልኩት። «ጠይቀነው እንቢ ይበለና» አለኝ፤ ነሐሴ ላይ በፖስታ ላከው።

ኅዳር ላይ መልስ መጣ። ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ ነው። ሄለን ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አስነበብኳት። የመጀመሪያው ገጽ ደብዳቤያችሁ ደርሶናል፣ ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን፣ በዚህ በዚህ ቁጥር ተመዝግቧል ይላል። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ ሥራችን ከዚህ ከተማ ክልል አይወጣም ይላል። ቀጥሎ፣ ስሟን የጠቀሳችኋት ሠራተኛ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ከእኛ ጋር የለችም፤ ክፍያ የሚቀበሉት ክፍሎች ፈርሰው በካሜራ ስለተተኩ ተቀባዮቹ በሙሉ ተሰናብተዋል ይላል። ሄለን አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን እጥፍ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ፊቴን አላየችም።

እኔ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ገቢ መዝግቤ፣ ወጪ መዝግቤ፣ ማኅተም መትቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ወረቀት ሸሽጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሁለተኛውን ገጽ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩና የመጀመሪያውን ብቻ ለአባትሽ ሰጠሁት። አስቀድሜ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። በዚያው እሑድ ደወልሽ፤ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩሽ። «ጥሩ ነው እማዬ፣ ዛሬ የማታ ፈረቃ ነኝ» አልሽኝ። ድልድዩ ላይ ነፋሱ ከባድ ነው ብለሽም ጨመርሽበት። ነፋሱን ምን አስጨመረሽ?

አባትሽ ቁጥሩን ሲያይ የሆነውን ብታዪው። «ፋይል ተከፍቷል» አለ። ቁጥር የወጣለት ጉዳይ ቢዘገይ እንጂ አይቀርም ብሎ ያምናል፤ ሐጂ ከዲርም ያምናሉ፤ ስልሳ ሦስቱም ያምናሉ። በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ቁጥር ማግኘት ለእነሱ ግማሽ መንገድ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ቁጥር ማለት ወረቀቱ መደርደሪያ አገኘ ማለት ብቻ ነው። ግን ይህን ብናገር ቀሪው ገጽ የት አለ ሊሉኝ ነው። በግ ታረደ፣ ተበላ። እኔም በላሁ።

ይህም ባልከፋ። የሐጂ ከዲር ቀበሌ ድልድዩ በድንጋይና በሲሚንቶ እንዲሠራለት ወረዳውን ሦስት ዓመት ሲለምን ኖሯል። ዘንድሮ ሦስት ድልድይ ሊሠራ ተወሰነና እነሱ ከዝርዝሩ አናት ላይ ሆኑ። አባትሽ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «የእናንተ ከባሕር ማዶ ተይዟል፤ ሁለት ቦታ መጠየቅ ነውር ነው፤ ተራችሁን ለሌላው ቀበሌ ልቀቁለት።» ጨዋ ሰዎች ናቸውና በደብዳቤ ለቀቁ። የወረዳው ዝርዝር የሚዘጋው ጥር 30 ነው።

ይህን የሰማሁት ትናንት ነው፣ ከሐጂ ከዲር ልጅ ከራቢያ። ሁለት ኪሎ የሚሆን ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች።

«አዴ ተሻለች፣ ሐመልማል መቼ ትመጣለች?» አለችኝ በስሜ አክብራ ጠርታኝ፣ ገና ሳትቀመጥ። «የመሠረት ድንጋዩን እሷ እንድታስቀምጥ ነው የተስማማነው።»

«እስኪ ቁጭ በዪ መጀመሪያ» አልኳት።

«ክረምት ሳይገባ ይደርሳል አይደል? ዝናቡ ሲብስ ልጄን ሙቢናን በጀርባዬ አዝዬ ነው ትምህርት ቤት የማሻግራት። ሰባት ዓመት ሞላት እኮ፣ ከብዳኛለች። መስከረም ላይ እግሬ አዳልጦኝ ሁለታችንም ልንሄድ ነበር።»

«የወረዳውስ ነገር?»

«እሱንማ ለቀቅንላቸው። ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለውም፣ እነሱም ይሠራላቸው» አለችኝ፤ ደስ ብሏት ነው የምትናገረው። ቅቤውን ተቀበልኩ፤ ብመልሰው ምክንያቱን ልትጠይቀኝ ነው።

ስለዚህ ስሚኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ለአባትሽ ደውዪ። ቤቱ ሰው ይሙላ አይሙላ አይግደድሽ። ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ድልድዩን ተዉት በዪው። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፣ ሞተሽ አትገኚም። ከሥራ መቀነስ ሌብነት አይደለም፤ ካሜራ መጥቶ ወንበርሽን ወሰደው እንጂ አንቺ ጥለሽው አልሄድሽም። ለምን ደበቅሽን? በእኛ ቤት ማን ሥራ ፈታሽ ብሎ ፊት ይነሳሻል? ደግሞ መለስ ብዬ ሳስበው ያፈርሽው በእኛ አይደለም፣ ስለ እኛ ብለሽ ነው። ያን ፎቶ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው እኛ ነን። ቢሆንም ተናድጄብሻለሁ። ሙቢና የምትባል ልጅ አንቺ አፍረሽ ዝም ስላልሽ፣ እኔ አፍሬ ወረቀት ስለደበቅኩ፣ አባትሽ ኮርቶ ስለለፈለፈ ወንዝ ውስጥ ልትገባ ነው።

ጥር 17 ቀን

የፀዲ በረራ ወደ ማክሰኞ ተዛወረና ደብዳቤው እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር ስላለ ልጨምርበት።

ረቡዕ ጽፌልሽ ብዕሬን ሳስቀምጥ ቀኑን ቆጠርኩት። ይህ ወረቀት ደርሶሽ፣ አንብበሽ፣ ልደውል አልደውል ስትዪ ጥር 30 ያልፋል። አውቅሻለሁ፣ የእኔው ልጅ ነሽ፤ እኔ ራሴ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ሐሙስ ጠዋት ለአባትሽ ቁርሱን ሳቀርብለት ሁለተኛውን ገጽ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጥኩለት። እንግሊዝኛ ባያነብም ስምሽን ለየው። ሄለንን ጠራት። ቆማ አነበበችለት፤ አንድ ጊዜ ብቻ «እስኪ ድገሚው» አላት።

«ይህ መቼ መጣ?» አለኝ እሷ ስትወጣ።

«ከዚያኛው ጋር፣ ኅዳር ላይ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ካፖርቱን ደረበ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ወጣ። እኔም ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳላጣፋ ተከተልኩት። ሚኒባሱ ውስጥ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ተቀምጠን ዲክሲስ ደረስን። ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ሲሄድ ማየት ነበረብሽ፤ ጉልበቱን ያን ያህል እያመመው አንዴ እንኳ ዐረፍ አላለም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆመና የፈረሰውን ድልድይ ካስማዎች አያቸው። አሁን በጋ ስለሆነ በድንጋይ ድንጋዩ ተሻገርን።

ሐጂ ከዲር ከብቶቻቸውን ሲያዩ ነበር። ራቢያ ልታስገባን ሮጣ መጣች። አባትሽ ግን ከደጅ አላለፈም።

«ሐጂ፣ አሳስቻችኋለሁ» አላቸው። «ከባሕር ማዶ የሚመጣ ድልድይ የለም። ልጄም ከዚያ መሥሪያ ቤት ከወጣች ቆይታለች።»

«ወረቀቱን የደበቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ እኔ። ብቻውን እንዲቆም አልፈለግሁም።

ሐጂ ከዲር በትራቸውን አነሱ። «እንግዲህ ቢሮ ሳይዘጋ እንሂድ» ብቻ አሉ። ራቢያ ግን እንደ አባቷ አልሆነችም። «ፎቶውን አይተን ነው እኮ የለቀቅነው» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ጠብቀን። አዴ ተሻለች፣ እርስዎ ቅቤውን ሲቀበሉኝ ያውቁ ነበር?» አውቅ ነበር አልኳት። ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስንሄድም አልወጣችም። ልክ ናት።

ወረዳው መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ገና ወጣት ናት። መልቀቂያው ተመዝግቧል፣ እንደገና ማመልከት ይቻል እንደሆነ አላውቅም አለች፤ ልትመልሰን ነበር። ያኔ ወደ ፊት አለፍኩ። «የኔ ልጅ፣ ቀኑ ሳያልፍ የቀረበ ማመልከቻ ገቢ ይሆናል። መወሰን የኃላፊው ነው፤ መዝጋቢ አይመልስም» አልኳት። ፈገግ አለችና መዝገቡን ሳበች። ገባልን፤ ግን ከአናት የነበሩት ሰዎች አሁን አሥራ አንደኛ ናቸው፣ የሚሠራው ደግሞ ሦስት ድልድይ ነው። ልጅቷ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጽፋ ስትሰጣቸው ሐጂ ከዲር እጥፍጥፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። ጥር 30 ኃላፊው ዘንድ አብሬያቸው እገባለሁ፤ የነበራቸውን ቦታ ያጡት በእኛ ጥፋት መሆኑን አስረዳለሁ። ይሳካል ብዬ ግን አልዋሽሽም።

አባትሽ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አላወራም። ትናንት ጎረቤቶች ሲመጡ ግን በየተራ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሐመልማል ከሥራ ወጥታለች» እያለ ነገራቸው። የእድሩ ዳኛ ሊያጽናናው ቢሞክር «ሰው አልሞተም» አለው። እኔን አኩርፎኛል፣ አንቺንም ተቀይሞሻል ብዬ ተቀምጬ ነበር። መልስ አዘጋጅቼ፣ ክርክር አዘጋጅቼ ነበር የጠበቅሁት።

ዛሬ ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ምስር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና መልቀም ጀመርኩ። ወደ እኔ ሳይዞር፣

«ከሰኔ ጀምሮ ልጄ ምን እየበላች ነው?» አለኝ።

ሐመልማል፣ ሰባት ወር ነው። ከኅዳር ጀምሮ እኔ አውቄ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሰው ዓይን፣ ስለ ሐጂ ከዲር ፊት ስጨነቅ ይህችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። ይህን ሁሉ ገጽ ስጽፍልሽም አልጠየቅሁሽም፤ መለስ ብዬ አየሁት፣ የለችም። እሱ ያ ለፍላፊው፣ ያ ጉረኛው፣ መጀመሪያ ያሰበው ያቺን ጥያቄ ነው። አላውቅም አልኩት። ከምስሩ ላይ አንድ ድንጋይ አንስቶ ጣለና «አታውቂም» አለ። ከዚያ ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ሲጠርግ አየሁት፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ስለዚህ ከላይ ያዘዝኩሽን ተዪው፣ እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ። የምትበዪውን፣ የምታድሪበትን፣ ሲያምሽ ውኃ የሚሰጥሽ ሰው መኖሩን ለአባትሽ ጻፊለት። እውነቱን፣ ቢያንስም ቢከፋም።

የማርያም ልጅ እንጀራሽን ያውጣልሽ። በምትረግጪው ሁሉ መንገዱን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ ብርድ ይጠብቅሽ።

የመኝታሽን ፍራሽ አውጥቼ ፀሐይ አስመትቼዋለሁ፣ አንሶላውንም አጥቤያለሁ። ለሌላ አይደለም፣ እርጥበት ስለነካው ነው።

እናትሽ
ተሻለች